19 ቀን ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፣ ማታ ሪፖርት አለብኝ! እርዱኝ

ቀይዋ፦ ሰላም፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ የያዝኩት ዕቅድ 19 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ስልኬ ላይ ያለፉት ቀናት በሙሉ ቀይ ሆነዋል። ማታ ቡድናችን ይገናኛል፤ ሁላችንም የት እንደደረስን እንናገራለን። ዘኍልቁ ላይ ቆሜያለሁ። በየምሽቱ እከፍተዋለሁ፣ ሦስት መስመር ሳላነብ ዓይኔ ይከደናል። ማካካሻ መንገድ ያለው ይንገረኝ።

የኦዲዮ ሰው፦ ኦዲዮ አዳምጪ። ዕቃ እያጠብሽ፣ መንገድ ላይ። አለቀ።

ቆጣሪው፦ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሆነ አልነገርሽንም። ባለ 66 መጻሕፍቱ ከሆነ 1,189 ምዕራፍ ነው። ለ365 ቀን ስታካፍይው በቀን 3 ከሩብ ገደማ ይደርሳል። የ19 ቀን ዕዳሽ 62 ምዕራፍ ነው። እስከ ማታ? ጸልዪ።

ዘፍጥረት ብቻ፦ ዘሌዋውያንን ተሻግረሽ ዘኍልቁ መድረስሽ ራሱ ሜዳሊያ ያሰጣል። እኔ በየዓመቱ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። አዳምና ሔዋንን እንደ ጎረቤት ነው የማውቃቸው።

ጋሼ ብራና፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ምዕራፍና ቁጥር ጳውሎስ የጻፈው አይደለም። የአሁኑ የምዕራፍ አከፋፈል የመጣው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ስቲቨን ላንግተን ከሚባል የእንግሊዝ ሊቀ ጳጳስ ጋር ይያያዛል። የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ደግሞ ሮበር ኤቲየን የሚባል አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. አስገባ። ለቆላስይስ ሰዎች የተላከው መልእክት በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ነው የታዘዘው፤ 4፥16 ተመልከቺ። በቀን ሦስት ምዕራፍ ብሎ ያዘዘ ሐዋርያ የለም።

ቀይዋ፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ማታ ነው ያልኩት!

ለምን፦ እኔ ያልገባኝ፣ በዓመት ጨርሺ ያለሽ ማነው? ፊልጶስ ጃንደረባውን ኢሳይያስን ሲያነብ አግኝቶ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ነው ያለው። ስንተኛው ቀን ላይ ደረስክ አላለውም።

ቀይዋ፦ ቡድኑ ነው የወሰነው። ሁሉም እየሄዱበት ነው፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የኦዲዮ ሰው፦ ለዚህ እኮ ነው ኦዲዮ ያልኩሽ።

ቀስ በቀስ፦ እኔም እንዲሁ ተይዤ ነበር። ቀዩን አትክፈዪው፣ ተይው። ከዛሬው ቀን ቀጥይ፤ የዘለልሽው የትም አይሄድም። የተኛሽው ዘኍልቁ 7 ላይ ከሆነ ደግሞ አልፈርድብሽም። 89 ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት አለቆች በአሥራ ሁለት ቀን ያንኑ ስጦታ ያመጣሉ። 130 ሰቅል የሚመዝነው የብር ወጭት አሥራ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል! የመጀመሪያውን አለቃ በደንብ አንብቢ፣ የቀሩትን ስማቸውን እያየሽ እለፊ፣ መጨረሻው ቁጥር ላይ ስትደርሺ ቁሚ። ሙሴ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ድምፁን የሚሰማው እዚያ ነው። እኔ እሱን አንድ ቁጥር ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ።

ፊልጵስዩስን ግን ሌላ ዓይነት አነበብኩት። 4 ምዕራፍ ስለሆነ መጀመሪያ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት፤ እንደ ደብዳቤ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በቀን ጥቂት ቁጥር፣ ያልገባኝን ዳር ላይ በእርሳስ እየጻፍኩ። ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ሰዓቱንም ቀይሪ። አልጋ ላይ ተጋድመሽ ከሆነ የምታነቢው ጥፋቱ የሙሴ አይደለም።

ቀይዋ፦ እንዴ! ምዕራፍ 7 ላይ ነኝ እኮ! አልጋውንስ በምን አወቅክ? እሺ፣ ማታ ምን ልበል?

ቀስ በቀስ፦ «19 ቀን ቀርቻለሁ» በይ። አንድ ሰው «እኔም» ባይልሽ ይገርመኛል።

ዘፍጥረት ብቻ፦ ቃየን ሰላም ብሎሻል።

አዲስ ገቢ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦ እኔ 31 ቀን ቀርቻለሁ። እህታችን ቡድኑ ምን አላት?

ቆጣሪው፦ 31 ቀን 101 ምዕራፍ ነው።

የኦዲዮ ሰው፦ ኦዲዮ ሞክረሃል?