የጆይስቲክ ንዝረትና የሚከብድ ምላጭ ጨዋታን በእርግጥ ያሻሽላሉ ወይ?

ጠያቂ፦ ባለ ጌም ቤቱ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ አራት ፕሌይስቴሽን 4 ያላት አነስተኛ ጌም ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ዕቁብ ስለደረሰኝ ሁለቱን በፕሌይስቴሽን 5 ለመተካት እያሰብሁ ነው። ሥዕሉ እንደሚጠራ፣ ጨዋታውም ቶሎ እንደሚከፈት አልጠራጠርም፤ እንቅልፍ የነሣኝ የጆይስቲኩ ጉዳይ ነው። ሻጩ ረቂቁ ንዝረትና በጣት ሲሳብ የሚከብደው ምላጭ (እንደ ጠመንጃ ምላጭ በሌባ ጣት የሚሳበው ቁልፍ) ጨዋታውን ሌላ ያደርገዋል ብሎ አጥብቆ ነግሮኛል። እኔ ግን በየዕለቱ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ ቤቴ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ኳስ ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ገና ወንበር ሳያሞቁ የሚያደርጉት ነገር ንዝረቱን ማጥፋት ነው። አንዱን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ፍጹም ቅጣት ምት ልመታ ስል እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልቤን ይወስደዋል» አለኝ።

የዕቁብ ገንዘብ ስለሆነ ተሳስቼ ማውጣት አልፈልግም። ይህ አዲስ ነገር ለጨዋታው የሚጨምረው አለ? ወይስ ሳምንት አስደንቆ የሚረሳ ጌጥ ነው? በእጃችሁ የሞከራችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ ጠጋኙ (ማራኪ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ወንድሜ። ሥራዬ ጥገና በመሆኑ ጆይስቲክ ከፍቼ የማልውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከውስጡ ልጀምር።

አሁን ያሉዎት ጆይስቲኮች በግራና በቀኝ እጀታቸው ውስጥ አንዳንድ ሞተር አላቸው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን ያደላ ብረት ታስሯል፤ ሞተሩ ሲዞር ብረቱ ሚዛን ስለሚያዛባ እጀታው ይንቀጠቀጣል። የአንደኛው ብረት ከባድ፣ የሌላኛው ቀላል ስለሆነ፣ ልክ እንደ ከበሮ ሰፊና ጠባብ አፍ፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ምት ይሰጣል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ከወጣው ከመጀመሪያው ዱዋልሾክ ከተባለው የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። ጉድለቱ ሞተሩ ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ መፈለጉ ነው፤ ደግሞም ፍጥነቱና ኃይሉ የተቆራኙ በመሆናቸው በዝግታ እየዞረ በኃይል፣ ወይም በፍጥነት እየዞረ በለሆሳስ መንዘር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር የወጣው ዱዋልሴንስ የተባለው ጆይስቲክ የሚዞር ብረት የለውም። እንደ ድምፅ ማጉያ በማግኔትና በጥቅል ሽቦ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ ክፍል ስላለው፣ አጭር መታ መታንም ሆነ ረጅም ንዝረትን ለይቶ ለእጅ ያደርሳል። በሁለቱ ምላጮች ሥር ደግሞ በባለ ጥርስ ጎማ የሚገፋ ትንሽ ሞተር አለ፤ ጨዋታው ሲያዝዘው የጣትዎን ስበት ይቋቋማል። ከመሣሪያው ጋር ተጭኖ የሚመጣውን አስትሮስ ፕሌይሩም የተባለ ጨዋታ ከፍተው ገጸ ባሕርዩን በአሸዋ ላይ፣ ቀጥሎም በብረት ላይ ቢያስሄዱት፣ ዓይንዎን ጨፍነው እንኳ የረገጠውን ያውቁታል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ስለቻለ ብቻ ጨዋታው ተሻሻለ ማለት አይደለም። እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ እጅ ማወቅ የሚያስፈልገውን ነገር ነገረው ወይስ ዝም ብሎ አንቀጠቀጠው? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ሪተርናል የተባለ የተኩስ ጨዋታ ይውሰዱ። የግራውን ምላጭ እስከ እኩሌታው ሲስቡት ያነጣጥራሉ፤ እዚያ ላይ ጣትዎን የሚገታ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳውን ጥሰው ሲስቡት ሁለተኛው የተኩስ ዓይነት ይዘጋጃል። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሆኖ ሠራ፤ ድንበሩንም ያወቀው ዓይን ሳይሆን ጣት ነው። በአንጻሩ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ መካከል ያለውን የመዳሰሻ ሰሌዳ ያስታውሱ፤ ሲወጣ ብዙ ተብሎለት ነበር፤ በብዙ ጨዋታዎች ግን ካርታ ከመክፈቻ ቁልፍነት አልዘለለም።

የኳስ ልጆችዎ ንዝረቱን ማጥፋታቸው ትክክል ነው። ለእነርሱ የሚያስፈልገው መረጃ በሙሉ ሜዳው ላይ በዓይን ይታያል፤ ንዝረቱ የሚነግራቸው ቀድሞ ያዩትን ነው። ለወጪዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሲያጫውቱ አሮጌው ጆይስቲክ ይሠራል፤ ለፕሌይስቴሽን 5 ተብለው ለተሠሩት ጨዋታዎች ግን አይሠራም።

መልስ 2፦ ባለ ባጃጁ (አዘዞ)

የጠጋኙ ወንድማችን ገለጻ ብዙ አስተምሮኛል፤ በአንዱ ነገር ግን አልስማማም። ንዝረት የሚጠቅመው መረጃ ሲያቀብል ብቻ ነው ማለት ጨዋታን ፈተና ብቻ ያደርገዋል።

ከአዘዞ ከተማ እየተመላለስሁ ባጃጅ ስነዳ ዓመታት አልፈዋል። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ሲጀምር መሪው መዳፌ ላይ ይለወጣል፤ ዝናብ በጣለ ዕለት ደግሞ የፊቱ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ከዓይኔ በፊት የሚያውቀው እጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ግራን ቱሪስሞ 7ን በወንድሜ ቤት ስጫወት ፍሬን የሚይዘው የግራ ምላጭ ጠንክሮ ጠበቀኝ፤ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሲሠራም ከጣቴ ሥር ቱር ቱር እያለ ተንቀጠቀጠ። ለቀቅ አድርጌ መልሼ ያዝሁት፤ መኪናውም ተስተካከለ። እስከዚህ ድረስ መረጃ ነው፣ እስማማለሁ። ነገር ግን ማንንም በማልቀድምበት፣ በባዶ መንገድ ላይ ብቻዬን ስነዳም ንዝረቱን አላጠፋሁትም፤ የሚነግረኝ አዲስ ነገር ባይኖርም መንገዱ መንገድ የሚሆንልኝ በእርሱ ነበር። በየሰፈራችን መኪና የመንዳት ምኞት ያለው፣ መኪና ግን የሌለው ልጅ ብዙ ነው፤ ይህን ስሜት በሰዓት ሒሳብ የሚያገኘው እርስዎ ዘንድ ነው።

መልስ 3፦ እኅት (ቀበሌ 18)

ወንድሜ፣ ከመወሰንዎ በፊት ሁለት ነገር ያስቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው። ሌሎች ልጆች በድምፅ የሚያውቁትን እርሱ የሚያውቀው በመዳፉ ነው፤ ከጀርባው ፍንዳታ ሲነሣ ጆይስቲኩ ያስደነግጠውና ዞር ይላል። አንድ ጊዜ በሌላ ቤት ንዝረቱ የጠፋበት ጆይስቲክ ሰጥተውት፣ ለምን እየተሸነፈ እንደሆነ ሳይገባው አኩርፎ ተመለሰ። ለእርሱ ይህ ነገር ጌጥ አይደለም።

በሌላ በኩል እኔ ራሴ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ስላለብኝ የሚከብደውን ምላጭ ሩብ ሰዓት እንኳ አልችለውም። ደግነቱ ፕሌይስቴሽን 5 ንዝረቱንም የምላጩንም ክብደት ለየብቻቸው ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ደካማ ማድረግ ወይም ጨርሶ ማጥፋት ያስችላል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው አይተዉት።

ጠያቂ፦ ባለ ጌም ቤቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሦስታችሁም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁኛል። እኅቴ፣ ስለ ወንድምሽ የጻፍሽው ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል፤ ጥያቄዬን ስጽፍ ንዝረቱን የሚያጠፉትን ብቻ ነበር የቆጠርሁት።

አሁን ሁለት ሳይሆን አንድ ፕሌይስቴሽን 5 እገዛለሁ። ኳሱን በፕሌይስቴሽን 4ቶቹ ላይ አስቀራለሁ፤ አዲሱን ለመኪናና ለጀብዱ ጨዋታ አደርገዋለሁ፤ ልጁ ሲቀመጥም ንዝረቱንና ምላጩን እንዴት እንደሚፈልገው አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ። ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ ግራን ቱሪስሞን ያስጀመርሁ ቀን ፍሬኑን ለልጆቹ ብታሳያቸው ደስ ይለኛል። ጠጋኙን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ምላጩ ውስጥ ያለው ጥርስ ቀኑን ሙሉ በልጆች እጅ ሲሳብ ቢያልቅ፣ እዚሁ ጎንደር ሊቀይሩልኝ ይችላሉ?

መልስ 4፦ ጠጋኙ (ማራኪ)

ከሌላ ከተበላሸ ጆይስቲክ የተወሰደ ዕቃ ከተገኘ እቀይረዋለሁ። ምላጩ ከሚገባው በላይ ከከበደ ግን ሳይውል ሳያድር ያምጡልኝ፤ ልጆቹ አልሳብ አለ ብለው ሲጫኑት ነው ክንዱ የሚሰበረው።