አንድ ጂን የጉበት ካንሰርን መጨረሻ ይጠቁማል ለማለት የ0.03 ፒ-ዋጋ ይበቃል?

የባዮሎጂ ተማሪዋ፦ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬን እየሠራሁ ነው። ቲሲጂኤ ከተባለው የአሜሪካ የካንሰር ጂኖች መረጃ ቋት የጉበት ካንሰሩን መረጃ አውርጄ፣ አንድ ጂን በዕጢው ውስጥ የሚገለጥበትን መጠን ሕሙማኑ በሕይወት ከቆዩበት ጊዜ ጋር አገናኘሁ። ሕሙማኑን በሜዲያኑ (በመሃለኛው ዋጋ) ለሁለት ስከፍላቸው ፒ-ዋጋው (ልዩነት ባይኖርም እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ0.05 ሲያንስ ነው ትርጉም አለው የሚባለው) 0.21 ሆነ። ፕሮግራሙ የተሻለውን መቁረጫ ነጥብ ራሱ እንዲፈልግ ሳዝዘው ግን 0.03 ወጣ፤ የካፕላን-ማየር መስመሮቹም (የሁለቱ ቡድኖች በሕይወት የመቆየት ግራፎች) ተራርቀው ታዩ። በጃፓን ሕሙማን መረጃ ስሞክረው ልዩነቱ ጠፋ። የ0.03ን ውጤት ብቻ ብጽፍ ስህተት ይሆናል? የቲሲጂኤው ሰንጠረዥ 424 ናሙና አለው። እባካችሁ እርዱኝ፣ ስድስት ወር የለፋሁበት ነው።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ እህቴ፣ 0.03ን አትመኚው። ፕሮግራሙ ብዙ ነጥቦችን ሞክሮ ትንሹን ፒ-ዋጋ መርጦ ነው የሰጠሽ። እንዲህ ሲደረግ 5 በመቶ መሆን የነበረበት የስህተት ዕድል ወደ 40 በመቶ ሊጠጋ እንደሚችል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጂኑን መጠን ጭራሽ ለሁለት አትቁረጪው። በሜዲያን ስትከፍዪ፣ ከመስመሩ በፀጉር ስፋት ከፍ ያለችውንና ዝቅ ያለችውን ሕመምተኛ በሁለት ተቃራኒ ወገን አሰለፍሻቸው ማለት ነው። ቁጥሩን ወደ ሎጋሪዝም ለውጠሽ እንዳለ በኮክስ ሞዴል (ብዙ ነገሮች በሕይወት ከመቆየት ጋር ያላቸውን ግንኙነት አብሮ በሚያሰላ ዘዴ) ውስጥ አስገቢው።

ዳታ ሠሪ፦ ከዚያ በፊት 424 ያልሽውን እዪው። የናሙናውን ባርኮድ አራተኛ ክፍል ተመልከቺ፦ በ01 የሚጀምረው የመጀመሪያው ዕጢ ነው፤ በ02 የሚጀምረው ያገረሸ ዕጢ ነው፤ በ11 የሚጀምረው ከዕጢው አጠገብ የተወሰደ ካንሰር የሌለበት ጉበት ነው። የመጨረሻዎቹ ብቻ 50 ናቸው። ሳታወጫቸው ከሠራሽ አንዳንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥረሻል።

የጉበት ሐኪም፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አብዛኛው የጉበት ካንሰር ሕመምተኛ ሁለት በሽታ ተሸክሞ ይመጣል፦ ዕጢውንና ሲሮሲሱን (የጉበቱን በጠባሳ መሞላት)። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ሳለ ጉበቱ ሥራ አቁሞ ወይም የምግብ ቧንቧ ደም ሥር ፈንድቶ የሚሞት አለ። ያ ሞት ስለ ጂንሽ ምንም አይነግርሽም። ስለዚህ የበሽታውን ደረጃ፣ አልቡሚንና ቢሊሩቢንን (የጉበትን አሠራር የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች)፣ ዕጢው ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱን፣ አልፋ-ፌቶፕሮቲንንም (በደም ውስጥ የሚለካ የጉበት ካንሰር ምልክት) በሞዴሉ ጨምሪ። ጂኑ ከእነዚህ በላይ የሚጨምረው ነገር ከሌለ ለሐኪም አይጠቅምም። ናሙናዎቹ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎች መሆናቸውንም ጻፊ፤ ቀዶ ሕክምና ስለማይቻልላቸው ሕሙማን መናገር አትችዪም።

ዳታ ሠሪ፦ የሴሎችን መባዛት የሚያሳየውን ጂን ኤምኬአይ67ንም በሞዴሉ አብረሽ ሞክሪ፤ ጂንሽ የሚያሳየው መባዛትን ብቻ እንደሆነ ለማየት። የሴሎችን መባዛት የሚከተል ጂን ሁሉ መጥፎ መጨረሻን የሚተነብይ ይመስላል።

የባዮሎጂ ተማሪዋ፦ አመሰግናለሁ መምህር፣ ዶክተር፣ ሁላችሁም። 371 የመጀመሪያ ዕጢዎች ቀሩ። በኮክስ ሞዴል ፒ-ዋጋው 0.18 ነው፤ ኤምኬአይ67 ሲገባ 0.6 ሆነ። አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። የጃፓኑን ውጤት በዋናው ምዕራፍ ላስገባው ወይስ በአባሪ?

የስታቲስቲክስ መምህር፦ በዋናው ምዕራፍ፣ ከቲሲጂኤው ውጤት ጎን በአንድ ሰንጠረዥ። የሞከርሻቸውን መቁረጫ ነጥቦችም ሳትደብቂ ጻፊ።