የማውስ ጠቅታ ድምፅ እንዴት ይቀነሳል?

ጥያቄ፤ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስሆን፣ የፈተና ወረቀትና የውጤት ሰንጠረዥ የማዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። የምንኖረው በአንድ ክፍል በመሆኑና የእናቴ እንቅልፍ ቀላል በመሆኑ፣ የማውሱ ጠቅታ በየጊዜው ይቀሰቅሳታል። ማውሱ ባለ ሽቦ ሲሆን ከድምፁ በቀር እንከን የለበትም፤ ስለዚህ ልጥለው አልፈልግም። በቁልፎቹ ላይ ወፍራም ፕላስተር ብለጥፍበትም ለውጥ አላየሁም። ከፍቼ ውስጡን ስፖንጅ ባደርግበት ይሻላል ወይስ የሚለወጥ ዕቃ አለው? ካቻቪቴ አለኝ፤ መበየድ ግን አልችልም።

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ

እኅቴ፣ ፕላስተሩ ያልጠቀመው ዋናው ድምፅ የሚወጣው ከላይኛው ፕላስቲክ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ማይክሮስዊች ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዲት ትንሽ ጥቁር ወይም ነጭ ሳጥን አለች፤ በውስጧ ያለው ስስ የብረት ልሳን ቁልፉ ሲጫን ተወጥሮ ይቆይና በድንገት ዘልሎ ከመገናኛው ጋር ይላተማል፣ ሲለቀቅም እንደዚያው ዘልሎ ይመለሳል። በአንድ ጠቅታ ውስጥ ሁለት ድምፅ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስፖንጅ በባዶው ቦታ ቢቀመጥ የልባሱን ማስተጋባት ጥቂት ይቀንሳል እንጂ ልሳኑን ዝም አያሰኘውም። በቁልፉና በስዊቹ መካከል ከሆነ ደግሞ፣ በጥቂቱ እንኳ ከወፈረ ቁልፉ እንደተጫነ ይቀራል።

መፍትሔው ስዊቹን ድምፅ አልባ ተብሎ በሚሸጠው መተካት ነው። ካይል እና ሁዋኖ የተባሉት አምራቾች ያወጧቸው አሉ። በብዙ ማውሶች ላይ ያለው የተለመደው ስዊች ርዝመቱ 12.8 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 5.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሦስት እግሮች አሉት፤ የእርስዎም ይህ ከሆነ አዲሱ በዚያው ቀዳዳ ላይ ይገባል። ነገር ግን በአንዳንድ ርካሽ ማውሶች ላይ የሚገኘው 6 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ስዊች ስለሆነ፣ ሳይከፍቱና ሳይለኩ ምንም አይግዙ።

ሲከፍቱ ብሎኖቹን በላይ ካላገኟቸው ከታች ባሉት ማንሸራተቻ እግሮች ወይም በተለጠፈው ወረቀት ሥር ይፈልጉ፤ ወረቀቱን በጣትዎ ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል ቦታ ካለ ብሎን አለ ማለት ነው። ብየዳውን ለባለሙያ ይተዉት። የሞባይል ጠጋኞች ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ አላቸው። ሆኖም ሦስቱም እግሮች በደንብ ሳይቀልጡ ስዊቹ በጉልበት ከተነቀለ የቦርዱ የመዳብ ቀለበት ተላጦ ማውሱ ከናካቴው ሊበላሽ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ በየእግሩ አዲስ ሶልደር (ቀልጦ የሚያያይዘውን ብረት) ጨምረው እንዲያቀልጡና ከዚያ መጥጠው እንዲያነሡት ይንገሯቸው።

መልስ፤ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ልጄ፣ ወንድማችን ስለ ስዊቹ የተናገረው እውነት ነው፤ ጠረጴዛውን ግን ረስቶታል። ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ ከሆነ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ጠቅታውን እንደ ከበሮ ያጎላዋል። እኛ ዘንድ የተረፈ የባና ቁራጭ አይጠፋም፤ ያንን ሁለት እጥፍ አድርገሽ ከማውሱ ሥር አንጥፊው። ማውሱን ግን በቀጥታ በባናው ላይ አታስኪጂው፤ ጠጉሩ ከታች ያለውን የብርሃን ዓይን እየጋረደ ቀስቱን ያዘልለዋል። ከባናው በላይ ለስላሳ ካርቶን አድርጊበት። ወጪ የለውም፤ የሌላው ምክር እስኪሳካ ያገለግልሻል።

መልስ፤ ከአዲስ አበባ

እኔ በስዊች ለውጥ አልስማማም። ዕቃውን ማስመጣት፣ መጠበቅ፣ ለበያጁ መክፈል፤ ይህ ሁሉ የሚያወጣው ውድ ለሆነ ማውስ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጸጥ እንዲል የተሠራ ማውስ ይገኛል፤ ለምሳሌ ሎጂቴክ የተባለው አምራች ኤም 220 እና ኤም 330 የተባሉትን በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የጠቅታ ድምፃቸው ከ90 በመቶ በላይ የቀነሰ መሆኑን አስታውቋል። አስመስለው የተሠሩም ስላሉ፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሳያምኑ እዚያው ሱቅ ውስጥ ከጆሮዎ አስጠግተው ሁለቱንም ቁልፍ ጠቅ አድርገው ይፈትኑ። መካከለኛውን መሽከርከሪያም ይጫኑት፤ ሁለቱ ዋና ቁልፎች ጸጥ ብለው እሱ ብቻ የሚጮኽበት ማውስ አለ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የባናውን ዛሬ ማታ አደርገዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ በስዊቹ ቀዳዳ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሪበት ብላኛለች፤ ይህ እንዴት ይታያል?

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

አይጨምሩ። ዘይቱ ለጥቂት ጊዜ ድምፁን ሊያለዝበው ይችላል፤ ነገር ግን በመገናኛው ላይ ተለጥፎ አቧራ ስለሚይዝ፣ ውሎ አድሮ ጠቅታው አንዳንዴ አይቀበልም፣ አንዳንዴም አንዱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በውጤት ሰንጠረዥ ላይ ይህ ቢደርስ ከጩኸቱ የባሰ ነው። የአዲስ አበባውን ወንድሜን በዋጋው ነገር አልከራከረውም፤ ጠያቂያችን ግን ማውሱን ልጥለው አልፈልግም ብለዋል።

መልስ፤ ከደብረ ብርሃን

እስከዚያው ጠቅታውን ራሱን መቀነስ ይቻላል። ኮምፒዩተርዎ ላፕቶፕ ከሆነ፣ በመዳሰሻው ሰሌዳ ላይ በጣት ነካ ማድረግ እንደ ጠቅታ እንዲቆጠር በሴቲንግ ውስጥ ያብሩት፤ ምንም ድምፅ የለውም። በዊንዶውስ የፎልደር አማራጮች ውስጥም ፋይል በአንድ ጠቅታ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ በዚህም ፋይል ለመክፈት የሚያስፈልገው ጠቅታ በግማሽ ይቀንሳል። የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ካለዎት ደግሞ የግራውን አልት፣ የግራውን ሺፍትና ኑም ሎክን አንድ ላይ ተጭነው ቀስቱን በቁጥሮቹ ማንቀሳቀስ፣ በ5 ቁጥርም ጠቅ ማድረግ ይችላሉ። አዝጋሚ ነው፤ ለሰንጠረዥ ሥራ አልመክረውም፤ በሰንጠረዥ ላይ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ለመሄድ ታብና ቀስት ቁልፎች ይበቃሉ።

ከጠያቂዋ

ማውሱን ከፈትኩት። ስዊቾቹ ሦስት እግር ያላቸው ናቸው፤ በማስመሪያ ስለካቸው ርዝመታቸው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ድምፅ አልባ ስዊቾች ላዝዝ ነው።

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

ልኩ ትክክለኛው ነው። ሦስት ወይም አራት ይዘዙ፤ በብየዳ ሙቀት አንዱ ቢበላሽ መተኪያ ይኖርዎታል። አሮጌዎቹ ከመነቀላቸው በፊት ቦርዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የስዊቹ መጫኛ ነጥብ በመካከል ሳይሆን ወደ አንድ ጫፍ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ተገልብጦ ከተበየደ ቁልፉ አያገኘውም።