ውሃችን ቲነር ቲነር ይሸታል፤ ከባህር ዳር ሆኜ እንዴት ላስመርምር?

ዘንባባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነን፣ ጋራዥና ቀለም ቤት የበዛበት ሰፈር። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ቲነር ቲነር ይላል፣ ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ይተዋል። አመልክተን መጥተው ቀድተው ወሰዱ። "ባክቴሪያ የለበትም፣ ክሎሪኑም ልክ ነው" ተባልን። እኔ የጠየቅኩት ሌላ! ትንሿ ልጄ የምትጠጣው ይህንኑ ነው። ምን ዓይነት ላብራቶሪ ልፈልግ? እስከዚያስ ባፈላው ይሻላል?

ታንኳ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። የባክቴሪያና የክሎሪን ምርመራ ሶልቨንትን (እንደ ቲነር ያለውን ማሟሟያ) ጨርሶ አያይም። ሱቅ የሚሸጠው የቲዲኤስ መለኪያም ያው ነው፣ የሚያነበው የሟሟ ጨው ብቻ ነው። ጂሲ-ኤምኤስ የሚባል፣ ኬሚካሎችን ለያይቶ የሚለይና የሚለካ መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ፈልጊ፤ ስትደውዪም "ውሃ ትመረምራላችሁ?" ብለሽ አትተዪው፣ "በውሃ ውስጥ ቶሉዊንና ትራይክሎሮኢትሊን በማይክሮግራም ትለካላችሁ?" በይ።

ዋናው ግን አቀዳዱ ነው። በሃይላንድ ቀድተሽ ከወሰድሽ ገንዘብሽን በላሽው፤ ሶልቨንት ይተናል፣ ፕላስቲክም ይመጠዋል። ላብራቶሪው 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የብርጭቆ ብልቃጥ ይስጥሽ። ናሙናው እንዳይለወጥ የሚያደርግ ኬሚካል ተጨምሮባት ከመጣች አታለቅልቂያት። የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፍቺ፣ በቀስታ አውርጂ፣ ውሃው ከአፏ ላይ ጉብ እስኪል ሙያትና ክደኛት። ከዚያ ገልብጠሽ በጣትሽ መታ መታ አድርጊያት። አንዲት አረፋ እንኳ ብትወጣ ድጋሚ ቅጂ። በረዶ ውስጥ አድርገሽ ቶሎ ላኪ፣ ቢበዛ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት።

ደግሞ በአፍንጫሽ አትፍረጂ። የቲነር ሽታ ብዙ ጊዜ ቶሉዊን ነው፣ እሱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 700 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሆኖም ይሸታል። የብረት ቅባት ማጠቢያው ትራይክሎሮኢትሊን ግን ተቃራኒ ነው፤ ገደቡ 8፣ የሚሸተው ወደ 300 ሲደርስ።

አባይ ዳር፦
የቧንቧ ሥራ ላይ ነኝ። ከተማችን የምትጠጣው በአብዛኛው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። ብክለቱ እዚያ ቢሆን ኖሮ ሽታው ከፈሰሰ በኋላም አይለቅም ነበር። የእናንተ ከመስመሩ ይመስለኛል። ፈረቃ ሲሆን ቧንቧው ባዶ ይቀርና በስንጥቁ ከአፈሩ ይስባል፣ አፈሩ ላይ ደግሞ ጋራዡ ስንት ዓመት ቲነርና ናፍጣ ሲደፋበት ኖሯል። ጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ሳይሰነጠቅም ቤንዚንና ቲነር ያሳልፋል! ስለዚህ ሁለት ቅጂ፦ አንዱን ልክ ውሃው ሲመጣ፣ አንዱን ሽታው ሲለቅ። ከሮቶው አትቅጂ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ይሁን። በቅርብ ቧንቧ አስቀጥላችሁ ከሆነም ንገሪን፣ የማጣበቂያው ሽታ ራሱ እንደዚያ ነው።

ዘንባባ፦
ቧንቧው የድሮ ነው፣ ማንም አልነካውም። ጎረቤቶቼም ይሸታቸዋል። ማፍላቱስ?

ታንኳ፦
ማፍላት ሶልቨንቱን ከውሃው ያስወጣዋል፣ ግን ወደ ኩሽናው አየር ነው የሚሄደው፣ እናንተው ትተነፍሱታላችሁ። የሞቀ ሻወርም እንደዚያው። ውጤቱ እስኪመጣ ለልጅቷ የታሸገ ውሃ ስጫት፣ የመጀመሪያውን ውሃ ድፊው፣ ወደ ሮቶ አታስገቢው። ጎረቤቶችሽም ብልቃጥ ይውሰዱ፣ በአንድ ቀን ቅዱና ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። የአንድ ቤት ውጤት ይዘሽ ብትሄጂ "የራስሽ ሮቶ ነው" ይሉሻል፤ የመንገዱ ሁሉ ሲሆን ግን መስመሩን መቆፈር ግድ ይሆንባቸዋል።