የመጀመሪያ ልጄን አዋላጆች ብቻ ባሉበት ማዕከል ብወልድ ያሰጋኛል?

ጠያቂ፦ የ33 ሳምንት ነፍሰ ጡር

ሰላም እህቶቼ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ 33 ሳምንት ሞልቶኛል። እስካሁን ሁሉም ደህና ነው። ግፊቴ 110/70 ነው፣ ስኳር የለብኝም፣ ልጁ አንድ ነው፣ ጭንቅላቱም ወደ ታች ዞሯል ብለውኛል። ክትትል የማደርገው አዋላጆች ብቻ በሚሠሩበት የወሊድ ማዕከል ነው። ሐኪም የለም፤ የቀዶ ጥገና ክፍልም የለም። ሆስፒታሉ በአምቡላንስ 15 ደቂቃ ነው።

ቦታውን ወድጄዋለሁ። የምታየኝ አዋላጅ ሆዴን ስትዳስስ አትቸኩልም። እጇ ስር ያገኘችውን ሁሉ ትነግረኛለች፤ ይሄ ጀርባው ነው፣ ይሄ ተረከዙ ነው ትለኛለች። ባለቤቴ ግን እንቅልፍ አጥቷል። «አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» ይለኛል። ሲጠይቀኝ እቆጣለሁ። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ። እዚያ የወለዳችሁ ወይም የምትሠሩ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። እንድጽናና ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ማዕከል ጀምሬ ሆስፒታል ወለድኳት። ሁለተኛውን እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ተገላገልኩ።

በመጀመሪያው የማህፀኔ በር 7 ሴንቲሜትር ደርሶ ቆመ። አራት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ተራመድኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባሁ፤ ያው ነው። አዋላጇ የምጡን መከታተያ ቅጽ አምጥታ አሳየችኝ። መስመሩ መውጣት ሲገባው ተኝቷል። «የልጅሽ የልብ ምት ጥሩ ነው፤ ምጡ ግን ደክሟል። አሁን ምንም ሳይፈጠር እንሂድ» አለችኝ። አብራኝ አምቡላንስ ውስጥ ገባች። ሆስፒታል የምጥ ማፋጠኛ በግሉኮስ ተሰጠኝ፣ ኤፒዱራል የሚባለው የጀርባ ማደንዘዣም ተወጋሁ። ከአምስት ሰዓት በኋላ በምጥ ወለድኩ።

ልጄ ደህና ነበረች። እኔ ግን ለብዙ ወራት እንደተሸነፍኩ ይሰማኝ ነበር። ያኔ ያልነገሩኝን እኔ ልንገርሽ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቷል። አደጋቸው ዝቅተኛ የሆነ ከ64 ሺህ በላይ ወሊዶችን ተከታትሏል። ከሆስፒታል ውጭ ባሉ የአዋላጆች ማዕከላት ለመውለድ ካቀዱ የመጀመሪያ ልጅ እናቶች ከ100ው 36ቱ ገደማ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። ከዚያ በፊት ከወለዱት ግን 9 ብቻ። እንግዲህ ለመጀመሪያ ልጅ መዛወር እንግዳ ነገር አይደለም። ዋነኛው ምክንያትም እንደ እኔ የምጥ መዘግየት ነው።

በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት ማዕከል በመወለዳቸው ልዩነት አላሳየም። በጠቅላላው ከሺህ ወሊድ 4 ገደማ ነበር። እናቶቹ ደግሞ በቀዶ ጥገናም ሆነ በመሣሪያ የመውለዳቸው ነገር ያነሰ ነው። ዜሮ አደጋ የሚባል ግን የትም የለም፤ ሆስፒታልም ቢሆን።

መልስ፦ አዋላጅ ነኝ፣ 12 ዓመት ሠርቻለሁ

እናቴ፣ የባለቤትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አትቆጪው።

«አንድ ነገር» የሚለውን ስም ስጡት። እኛን የሚያስፈራን በዋናነት ሁለት ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምና የማይተነፍስ ሕፃን። ለደሙ ልጁ እንደወጣ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ እንወጋለን። ይህን ለሁሉም እናት ነው የምናደርገው። ደሙ ከቀጠለ ማህፀኑን እናሻለን፣ ተጨማሪ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ትራኔክሳሚክ አሲድ እንጨምራለን። እሱ የሚጠቅመው ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ መተንፈስ ለመጀመር እርዳታ ይፈልጋል። አብዛኞቹ በደንብ ሲደረቁና ጀርባቸው ሲታሽ ያለቅሳሉ። ለቀሩት አምቡ ባግ የሚባለው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢትና ጭንብል አለ፤ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ይህን ሁሉ የሠለጠነ አዋላጅ ሐኪም ሳይጠብቅ ይሠራዋል።

የማንችለውንም ልንገርሽ። ደም መስጠት አንችልም። ቀዶ ጥገና አንችልም። አንድ ሌሊት ደሟ አልቆም ያለ እናት ነበረችኝ። በአንድ እጄ ማህፀኗን ይዤ አምቡላንስ ውስጥ ተንበርክኬ ሄድኩ። ተረፈች። የተረፈችው ሆስፒታሉ አስቀድሞ ተደውሎለት ደም አዘጋጅቶ በር ላይ ስለጠበቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የአንድ ማዕከል ደህንነት ግድግዳው ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም። መንገዱም ነው።

ስለዚህ 15 ደቂቃ ያሉሽን አትቀበዪ። የ15 ደቂቃው ቆጠራ ከየት ይጀምራል? አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል ወይስ ተደውሎ ይመጣል? ሌሊት ሹፌር አለ? አዋላጅ አብራሽ ትሄዳለች ወይስ የሪፈር ወረቀት ይዘሽ ብቻሽን ነው? ልጁ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ባለሙያ አለ? አንዷ ላንቺ፣ አንዷ ለልጁ። በመጨረሻ ያዛወሩትን እናት ለምን እንዳዛወሩም ጠይቂ። «እኛ አዛውረን አናውቅም» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ግፊትሽ 140/90 ከደረሰ፣ ልጁ በመቀመጫው ከዞረ፣ ምጥ ከ37 ሳምንት በፊት ከጀመረሽ ወይም የሽርት ውሃሽ አረንጓዴ ከሆነ ግን ማዕከሉን እርሺው፤ ሆስፒታል ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በአዋላጆች የሚመራ ክፍል ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይገኛል። ካለ እሱንም እዪው።

መልስ፦ ሐሳቧን የቀየረች

እኔ 38 ሳምንት ላይ ግፊቴ 145/95 ሆኖ «እዚህ አትወልጂም» ተባልኩ። በጣም ተናደድኩ፤ አዋላጇን ፊት ነሳኋት። በሦስተኛው ቀን ራስ ምታቱ መጣ፣ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። ሆስፒታል መንቀጥቀጥ እንዳይመጣብኝ ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጥቶኝ ወለድኩ። ዛሬ አዋላጇን ባገኛት እግሯ ላይ እወድቃለሁ። እምቢ ማለት የሚያውቅ ማዕከል ካገኘሽ እመኚው።

ጠያቂ፦ እንደገና እኔ ነኝ፣ አሁን 35 ሳምንት

እህቶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ሄድን፤ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፎ ነበር። አዋላጇ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች።

አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ አይቆምም፤ ተደውሎ ነው የሚመጣው። 15 ደቂቃው መንገዱ ብቻ ነው። ከስልኩ ጀምሮ ሆስፒታሉ በር እስኪደረስ ቀን 30፣ ሌሊት እስከ 45 ደቂቃ እንደሚሆን ራሷ ነገረችን። ሌሎቹን ሁሉ አሟልተዋል፤ ሁለት ባለሙያም ይኖራል። ባለቤቴ «45» ብሎ ጻፈና ቁጥሯን ከበባት። ብዙ ዝም አልን።

«ለሁለተኛ ልጅሽ ቢሆን ነይ እልሽ ነበር። ለመጀመሪያው ግን እህቴ ብትሆኚ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የአዋላጆች ክፍል አሳይሽ ነበር» አለችኝ። ትናንት ሄደን አየነው። እዚያም አዋላጆች ናቸው፣ እዚያም መንቀሳቀስ ይፈቀዳል። የቀዶ ጥገናው ክፍል አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ባለቤቴ ደረጃውን ሁለቴ ወጥቶ ወርዶ ቆጠረው። ካርዴን 36 ሳምንት ላይ አዛውራለሁ። ሆዴን ግን እስከዚያ ድረስ እሷው ናት የምትዳስሰው።