አነስተኛ የተሐድሶ ማዕከል ስንነድፍ፦ ዊልቸርና ነጭ በትር በአንድ ኮሪደር

ጥያቄ (የፕሮጀክት አስተባባሪ)

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የቆየ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ ወደ ተሐድሶ ማዕከል ልንለውጥ ነው። ተገልጋዮቹ በዊልቸርና በክራንች የሚንቀሳቀሱ፣ ማየት የተሳናቸውና መስማት የተሳናቸው ናቸው። የሕንፃው ወለል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) የምናገኘው ቦታ ከበሩ ጎን፣ በግድግዳው ትይዩ ያለው 8 ሜትር ብቻ ነው። ኮሪደሩ 1.5 ሜትር ይሰፋል። በመካከላችን ክርክር ያስነሳው ማየት የተሳናቸውን የሚመራው፣ በእግር የሚዳሰሰው ቢጫ ንጣፍ ነው፤ በኮሪደሩ ሙሉ ይነጠፍ ያሉ አሉ፣ ዊልቸር ያንገጫግጫል ያሉም አሉ። ሌላው የፊዚዮቴራፒው ክፍል ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ ይሁን ወይስ ይከፋፈል? ልምድ ያላችሁ ብትረዱን።

መልስ (አርክቴክት)

የራምፑ ነገር በስሌት ያልቃል። በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሳንቲ ሜትር መጓዝ ማለት ነው። ለ60 ሳንቲ ሜትር 7.2 ሜትር ያስፈልጋል። ከላይና ከታች 1.5 ሜትር፣ 1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር 10.2 ሜትር ስለሚሆን በቀጥታ አይገባልዎትም። «ትንሽ ዳገታም ብናደርገውስ?» የሚል ሰው ከመጣ አይስሙት፤ ዊልቸሩን በገዛ ክንዱ የሚገፋው እሱ አይደለም። ራምፑን አጥፈው ይመልሱት፦ 3.6 ሜትር ይውጣ፣ ማረፊያ ላይ ይዙር፣ 3.6 ሜትር ተመልሶ በሩ ላይ ይድረስ። ከነማረፊያዎቹ 6.6 ሜትር ይበቃዋል። መደገፊያው በሁለቱም በኩል ይሁን። አንድ ጎኑ ያልታዘዘለት ሰው ሲወጣ በቀኙ የነበረው መደገፊያ ሲወርድ በግራው ነው።

መጸዳጃ ቤቱን አልጠየቁም፤ ብዙ ፕላን የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ውስጥ የወደቀው ሰው ራሱ በሩን ይዘጋዋል፣ ረዳትም ሊደርስለት አይችልም። ውስጡ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የዊልቸር መዞሪያ፣ ከመቀመጫው ጎን ደግሞ ዊልቸር የሚቆምበት ቦታ ይኑረው። ሁለት መጸዳጃ የምትሠሩ ከሆነ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ በኩል የሚጠጉት አድርጉት። ሁሉም ሰው በሁለቱም ጎን ከዊልቸር ወደ መቀመጫ መሻገር አይችልም።

መልስ (ነጭ በትር ተጠቃሚ)

ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ ሆኖም በኮሪደሩ ሙሉ ይነጠፍ ከሚሉት ጋር አልስማማም። 1.5 ሜትር በሚሰፋ ኮሪደር ውስጥ ግድግዳው ራሱ ይመራኛል። ንጣፉ የሚያስፈልገኝ ግድግዳ በሌለበት ነው፤ በእንግዳ መቀበያው ክፍት ቦታና በግቢው ውስጥ። ሁለቱን ዓይነትም አታደባልቁ። ረጃጅም መስመር ያለው «በዚህ ሂድ» ይላል፣ ክብ ክብ ጉብታ ያለው «ተጠንቀቅ» ይላል። ጃፓናዊው ሴይኢቺ ሚያኬ በ1965 የፈለሰፈውና በ1967 በኦካያማ ከተማ መጀመሪያ የተነጠፈው ለዚሁ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጌጥ የሚያነጥፈውም አልጠፋም። ለዊልቸር ብላችሁ በግቢው ውስጥ የእግረኛውንና የመኪናውን መንገድ ደልዳላ ካደረጋችሁ የመንገዱ ጠርዝ ይጠፋብኛል። ባለ ጉብታውን እዚያ አንጥፉልኝ።

ከንጣፉ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። የእሳት ማጥፊያው ሣጥን ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ከወጣ በትሬ ከሥሩ ያልፋል፣ እኔ በደረቴ አገኘዋለሁ። ግድግዳው ውስጥ ይቀበር፤ ካልሆነም ከሥሩ እስከ ወለል የሚደርስ ነገር ይደረግለት።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የቀረ እይታ እንዳላቸውም አትርሱ። ነጭ በር በነጭ ግድግዳ ላይ ለእነርሱ የለም ማለት ነው፤ የበሩን ፍሬም ጠቆር ያለ ቀለም ቀቡት። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ደግሞ ከነጸብራቁ ይቅር።

መልስ (መስማት የተሳናት የማኅበር አባል)

ስለ ብርሃን ልጨምር። የባለሙያው ጀርባ ወደ መስኮት ከሆነ ፊቱም እጁም ይጠቁርብኛል፤ ከንፈርም ምልክትም ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ባለሙያው የሚቆምበትን ቦታ መስኮቱን አይታችሁ ወስኑ። በአሜሪካ፣ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2005 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን የንድፍ መመሪያ ተሠርቷል፤ እይታን፣ ብርሃንን፣ ቀለምንና ድምፅን አብሮ ያያል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በሕክምና አልጋ ላይ በሆዴ ስተኛ ማንንም አላይም። ግድግዳ ላይ መስታወት ቢሰቀልም አያድነኝም፤ ከመተኛቴ በፊት በንክኪ ምልክት መስማማት አለብን፤ አንድ ጊዜ ትከሻ መንካት «አቁሚ»፣ ሁለት ጊዜ «ተገልበጪ» እንደማለት። የእሳት ማስጠንቀቂያው ብልጭታም አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይቅር። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ የሚነግረኝ የለም። መብራቶቹ እኩል ይብለጭለጩ፤ ያልተናበበ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ ነው።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ልቃወም። ማዕከሉ ሁሉም ነገር የተመቸ ከሆነ ተገልጋዩ የሚለማመደው ምኑን ነው? ከበሩ ሲወጣ የሚጠብቀው ደረጃ፣ ጠጠርና ከፍ ያለ የመንገድ ጠርዝ ነው። መግቢያው፣ መጸዳጃውና ኮሪደሩ ያለ ችግር ይሁኑ። በግቢው አንድ ጥግ ግን ሆን ብላችሁ አስቸጋሪ መንገድ ሥሩ፦ ጥቂት ደረጃ ከነመደገፊያው፣ ጠጠር፣ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠርዝ፣ ተዳፋት። ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ይውደቅበት፣ ይነሳበት።

አዳራሹን በተመለከተ ሰፊ መሆኑን እደግፋለሁ፤ ተገልጋዩ ይዞ መራመድ የሚለማመድባቸው ትይዩ ዘንጎች በሁለቱም ጎን ለእኔና ለረዳቴ ቦታ ይፈልጋሉ። ነገር ግን አንድ ትንሽ የሚዘጋ ክፍል አስተርፉ። በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ የተጎዳ ሰው በጫጫታ መሃል አሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ የመስሚያ መርጃ መሣሪያም ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። በተጨማሪም የዕቃ ማከማቻ ክፍል እለምናችኋለሁ! እሱ ከሌለ ትርፍ ዊልቸሮቹ ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ፣ ባለ ነጭ በትሩ ወንድማችንም እየተደናቀፈባቸው ያልፋል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ገንዘባችን ሁሉን በአንድ ጊዜ አያሠራም፤ የትኛው ይቅደም?

አርክቴክቱ

በኋላ ለመሥራት ግድግዳ ማፍረስ የሚጠይቀው ይቅደም፤ የበር ስፋት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ራምፕ፣ የብልጭታው መብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ። መብራቱ ራሱ ሊዘገይ ይችላል፣ ቱቦው ግን አሁን ይቀበር። በሩ ተከፍቶ ሲቆም የሚቀረው ማለፊያ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፍሬሙን ለክተው እንዳይታለሉ። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊትም የመጸዳጃውንና የራምፑን ልክ መሬት ላይ በኖራ አሥምሩና የዊልቸር ተጠቃሚዎችን ጠርታችሁ አስዙሯቸው።

ነጭ በትር ተጠቃሚ

ለእኛ ደግሞ ፕላኑን በወፍራም ካርቶን ላይ፣ ግድግዳዎቹን በሲባጎ አጣብቃችሁ አምጡልን። በጣታችን አንብበን አስተያየት እንሰጣችኋለን። የበሮቹን ቦታ ባዶ መተው አትርሱ።