ረቂቅ ዕቅድ፦ ልጆች በጫጫታ መሃል ምን ያህል ይሰማሉ?

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን። ረቂቁ «የእንግሊዝኛውን የመስማት ፈተና ወደ አማርኛ መተርጎም» ይላል። ሐሳባችሁን እስከ ዓርብ አስፍሩ።

ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ችሎታ ባለሙያ)፦ ትርጉሙ ይቅርብን። ዓረፍተ ነገር ሲተረጎም ክብደቱ ይቀየራል፤ ልጁም ግማሹን ሰምቶ ሌላውን በግምት ይሞላዋል። በቁጥር እንጀምር። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የስልክ ፈተና በጫጫታ መሃል ሦስት ሦስት ቁጥር ነው የሚያሰማው። በትክክል ከተመለሰ ጫጫታው በ2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይከብዳል፣ ከተሳተ ይቀላል። እንዲህ እየተባለ ግማሹን የሚመልስበት ደረጃ ይገኛል። የእኛ ቁጥሮች ግን ጣጣ አላቸው። «ሦስት»፣ «አምስት»፣ «ስድስት» ሁሉም በ«ስት» ያልቃሉ። መጀመሪያቸው በጫጫታ ከተዋጠ ሊምታቱ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል እኩል እስኪሰማ ድረስ ድምፁ መስተካከል አለበት። ቁጥር ላልለመዱ ሕፃናት ሥዕል እናሳያለን።

መምህርት፦ ዶክተር፣ ጫጫታው ከኮምፒውተር የወጣ «ሽሽሽ» ከሆነ የእኛን ክፍል አይመስልም። እኛ ጋ ክፍልና ክፍልን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ከወዲያ ሁለተኛ ክፍል በኅብረት ሲያነብ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆቼ እኔን ትተው እነሱን ይደግማሉ። ሰኔ ላይ ቆርቆሮው መመታት ሲጀምርማ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዝም ነው።

ኦዲዮሎጂስት፦ እውነትዎን ነው። «ሽሽሽ»ው ለመለኪያ ያስፈልገናል፣ ምክንያቱም አይዋዥቅም። የሰው ንግግር ያለበት ሁለተኛ ጫጫታ ግን እንጨምር። ልጆችን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው እሱ ነው፤ ጉርምስና ድረስ ከአዋቂ እኩል አይሆኑም።

የወላጆች ተወካይ፦ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅስ? ጆሮው ደህና ሆኖ «ችግር አለበት» ተብሎ ወረቀት እንዳይላክልን።

ኦዲዮሎጂስት፦ ትልቅ ነጥብ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን ጤነኛ ጆሮም በጫጫታ ይቸገራል። የቤት ቋንቋ ቅጹ ላይ ይሞላ፤ ውጤቱም ለብቻ ይታይ።

የአንገት በላይ ሐኪም፦ ከሁሉ በፊት ጆሯቸው ይታይ። ኩክ የደፈነውን ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ያቆረውን ልጅ መፈተን ልፋት ነው። መጀመሪያ ይታከም።

አስተባባሪ፦ ትርጉሙ ተሰርዟል፤ የሐኪሙና የቤት ቋንቋው ነጥብ ገብቷል። መምህርት፣ ማክሰኞ የንባብ ሰዓት ላይ መጥተን የክፍሉን ድምፅ ብንቀዳስ?

መምህርት፦ ርዕሰ መምህሩንና ወላጆችን ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ደግሞ እናንተ ባትመጡ ይሻላል። ልጆቹ እንግዳ ሲያዩ ጸጥ ይላሉ፤ መቅረጫውን ብቻ ላኩልኝ።